«ሚሊተሪ ነው፣ አይሰበርም!»

እኔ የምለው… የከተማችን ወጣት ሁሉ ሯጭ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ጎህ ሲቀድ መስቀል አደባባይን ብታዩት ደረጃው በቱታ ጢም ብሏል። ጃን ሜዳም እንደዚያው። እንጦጦማ አይነሳ! ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን የሚገፋው ሰው ብዛት ንግሥ የሚሄድ ምዕመን ነው የሚመስለው። ጥሩ ነው፤ ጤና ማን ይጠላል! ድሮ ግን የሯጭ መለያው ጫማው ነበር። አሁን ደግሞ እጅ አንጓ ላይ የተለጠፈ፣ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል፣ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ የሚመስል ጥቁር ሰዓት ሆኗል። «ስማርት ዎች» ነው ስሙ። እሱም ቢሆን ተራው አይደለም፤ «የማይሰበረው»፣ «የወታደሩ»፣ «የተራራው» እየተባለ የሚሸጠው ነው።

ታዲያላችሁ ሰሞኑን ከጓደኛም ከጎረቤትም «የትኛውን ልግዛ?» የሚለኝ በዝቷል። እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያም አይደለሁም። ዳሩ ግን ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ፤ ሰው ሰዓት ሊገዛ ሲሄድ አብሬ ሱቅ ለሱቅ እዞራለሁ፤ ገዝቶ ሲበሳጭም አብሬ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከዚህ ሁሉ የለቀምኩትን ላውጋችሁ። ገንዘቡ እኮ ቀላል አይደለም! ለጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ነው። እቁብ እስኪደርሰው ጠብቆ የሚገዛም አለ።

መጀመሪያ ነገር ሰዓቱ ለምን አስፈለገ? «ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጥኩ ስልኬ ይነግረኝ የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይነግራል። ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ይዞ መሮጥ «ኑ ውሰዱልኝ» ብሎ መጣራት ነው። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ስልኳን ክንዷ ላይ አስራ ስትሮጥ፣ እንደሷው ቱታ የለበሰ «ሯጭ» ከኋላዋ ደረሰባት። «አይዞሽ፣ በርቺ!» ብሎ አበረታታት። ከዚያ ስልኩን መንጭቆ ቁልቁል ተፈተለከ! ፍጥነቱን የለካው ሰው የለም እንጂ ሪከርድ ሳይሰብር አይቀርም። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ከቤቷ ለሩጫ አልወጣችም። ስልኩ ይተካል፤ ለጤናዬ ብላ የወጣች ልጅ ፈርታ ቤቷ መቀመጧ ነው የሚያናድደው።

እንግዲህ ለእኔ የዚህ ሰዓት ዋና ጥቅሙ ስልክን ቤት ትቶ ለመውጣት ማስቻሉ ነው። (ለክፉ ቀን ትንሿን ባለቁልፍ ስልክ ኪስ ውስጥ መያዝ ይቻላል፤ እሷን ሌባም አይፈልጋት።) ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ከመልኩም፣ ከስሙም፣ ከዋጋውም በፊት የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። ስልክ አጠገቡ ባይኖር ይህ ሰዓት የሮጥኩትን ርቀት ራሱ ይለካልኛል ወይ?

ባለሱቁ «እንዴታ! ጂፒኤስ አለው» ይላችኋል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ «ጂፒኤስ» ተብሎ የተጻፈበት ሰዓት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የራሱ መቀበያ በሆዱ ውስጥ አለው። ሌላው ከስልካችሁ ይዋሳል። ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ካለ በትክክል ይሠራል፤ ከሌለ ግን የእጃችሁን ውዝዋዜ እየቆጠረ «ይህን ያህል ሳትሄድ አትቀርም» ብሎ ይገምታል። ይህንኛውን የገዛ ሰው ስልኩንም ይዞ ሊወጣ ነው። ታዲያ ከምኑ ተገላገለ?

መለያው ቀላል ነው። አንዳንዱ ሰዓት መጀመሪያ ከስልክ ጋር ካልተዋወቀ አይከፈትም፤ አስተዋውቁትና የስልኩን ብሉቱዝ አጥፉ። ከዚያ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ደጅ ውጡ። በረንዳ ላይ አይሆንም፤ ሰማይ ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ቁሙ። «የውጪ ሩጫ» የሚለውን ክፈቱና ጠብቁ። የራሱ ያለው ሰዓት ሳተላይት ፍለጋ ይጀምራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላልና አትቸኩሉ። የሌለው ግን ወይ «ስልክህን አገናኝ» ይላል፣ ወይ ምንም ሳይፈልግ ወዲያው መቁጠር ይጀምራል። ባለሱቁ «ሰዓቱን ይዘህማ ከሱቅ አትወጣም» ካለ መታወቂያችሁን አስይዙ፤ ወይም እሱ ራሱ ይዞት ይውጣ።

ለምን ደጅ? ምልክቱ የሚመጣው ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ስለሆነ ነው። ሰዓቱ ያለበትን ቦታ አስተካክሎ ለማወቅ ቢያንስ የአራቱን ድምፅ መስማት አለበት። ከዚያ ሁሉ ርቀት የሚመጣው ምልክት ደግሞ ሲበዛ ደካማ ነው። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ያዳክመዋል፤ የለገሃርና የሜክሲኮ ፎቆች ወዲያና ወዲህ እያንጸባረቁ ያደናግሩታል። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስማ አሜሪካኖቹ ለተራው ሕዝብ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ነበር፤ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። የዛሬዎቹ ሰዓቶች ከአሜሪካኑ ሌላ የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮ፣ የቻይናውን ቤይዱ ይሰማሉ። ብዙ ቢሰሙ ጥሩ ነው። ቢሆንም ፎቅ ለፎቅ ሲሮጥ ውሎ «ሰዓቴ ሕንፃ ውስጥ ገብተሃል አለኝ» ብሎ የሚያማርር ሰው ይገርመኛል።

ከገዛችሁ በኋላ ፈተናው የሩጫ ትራክ ነው። የመጀመሪያው መም አንድ ዙር 400 ሜትር ነው። አምስት ዙር ሩጡ፤ ሰዓቱ ሁለት ሺሕ ሜትር አካባቢ ማለት አለበት። ትንሽ አስበልጦ ቢናገር አትፍረዱበት፤ ትራክ ላይ ኩርባ ስለሚበዛ ጥሩ የሚባለውም ይንገዳገዳል። ሁለት ሺሕ አራት መቶ ካላችሁ ግን እየዋሸ ነው። በውሸቱ ደግሞ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። ለታላቁ ሩጫ የምትዘጋጁ ከሆነ «10 ኪሎ ሜትር ችያለሁ» ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እውነተኛው 10 ኪሎ ሜትር ላይ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግራችሁ ያልቃል።

አሁን ወደ መርካቶ ልውሰዳችሁ። አንድ ወዳጄ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ገንዘቡን አጠራቅሞ «ና አብረን እንግዛ» አለኝና ሄድን። ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። «ሚሊተሪ ነው፣ ወንድሜ! መኪና ይሂድበት፣ አይሰበርም!» አለና ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ ቀጠቀጠው። ወዳጄ ልቡ ተሰረቀ። ቀጠለ ሻጩ፤ «የልብ ምት ይለካል፣ ደም ግፊት ይለካል፣ ስኳር ይለካል…»

«ምን? ስኳር?»

«አዎና! ጣት መብጣት ቀረ እኮ፣ ወንድሜ!»

የወዳጄ እናት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኢንሱሊን ይወጋሉ። ልጁ ጠዋት በሰዓቱ ሮጦ ማታ ማታ እናቱ እጅ ላይ ሊያስረው በሐሳቡ ሲያሰላ ፊቱ ላይ አየሁት። ዓይኑ እንባ ሊያቀር ምንም አልቀረው። እኔ ግን ሰውነቴ ቀዘቀዘ። እጄን ሰድጄ ከጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሻጩን የሃይላንድ ፕላስቲክ አነሳሁና «እስቲ እዚህ ላይ ይሰርልን» አልኩት። ሻጩ ሳቀ። አሰርነው። ሰዓቱ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ የፕላስቲኩን ስኳር ነገረን፤ 98! ለውሃ መያዣ እጅግ ሸጋ ጤና ነው።

ይህን ነገር እንደ ቀልድ እንዳታዩት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ስለዚሁ ጉዳይ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት ፈቃድ እንዳልሰጠ ነው የተናገረው። ስኳር አነፍናፊውን ቆዳ ውስጥ በምትገባ ቀጭን ነገር ክንድ ላይ የሚለጠፍ፣ ቁጥሩን ወደ ስልክና ወደ ሰዓት የሚልክ እውነተኛ መሣሪያ አለ፤ እሱ ሌላ ነው። የመርካቶው ሰዓት ግን ቁጥር ይፈጥራል። የተፈጠረ ቁጥር አይተው እናት ኢንሱሊን ቢጨምሩ ስኳራቸው ይወርዳል፣ ራሳቸውን ይስታሉ፣ በሰዓታት ውስጥ ሕይወታቸው ሊያልፍ ይችላል። በጣት ጠብታ መለካቱ ያማል፣ ያስለቅሳልም፤ ግን እውነቱን ይናገራል። የርካሹ ሰዓት የደም ግፊት ንባብም ከዚህ ብዙም አይሻል። ክንድ ላይ ተጠምጥሞ አየር የሚነፋውን መሣሪያ የሚተካ አይደለም።

ወዳጄ ከሱቁ ሲወጣ ኩርፍ ብሎ ነበር። በእኔ ነው የተናደደው!

ወደ «ሚሊተሪው» እንመለስ። ካርቶኑ ላይ «ሚል-ስታንዳርድ 810» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ይህ የአሜሪካ መከላከያ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣውና እስከ ዛሬ እየታደሰ የመጣ የፈተና ዘዴ መድብል ነው፤ ሙቀት፣ ብርድ፣ እርጥበት፣ አቧራ፣ ንዝረት፣ መውደቅ… ብዙ ነው። ነገር ግን ሰዓቱን ወታደሩ አልፈተነውም! ፋብሪካው ራሱ የፈለገውን ፈተና መርጦ፣ ራሱ ወይም ያስፈተነው ድርጅት ፈትኖ፣ ራሱ ይጽፋል። ጥሩ ፋብሪካ ቁጥሩን ይናገራል፤ ለምሳሌ አማዝፊት እ.ኤ.አ. በ2020 ቲ-ሬክስ የሚባለውን ሰዓት ሲያወጣ 12 ፈተና አልፏል ብሏል። የትኛውን ፈተና እንዳለፈ የማይናገር ካርቶን ግን ቀለም ብቻ ነው።

ጥንካሬን በዓይናችሁ ፈልጉ። የሰዓቱ ጠርዝ ከመስታወቱ ከፍ ብሏል? ሰዓቱ በግንባሩ ቢወድቅ ድንጋዩን ቀድሞ የሚያገኘው ጠርዙ ይሆናል። ቁልፎች አሉት? ክረምት ላይ ዝናብ ሲያርሰው በመንካት ብቻ የሚሠራ ስክሪን ይቀብጣል፤ እናንተ «አቁም» ስትሉት እሱ ዘፈን ይከፍታል። ቁልፍ ግን በዝናብም በላብም ይታዘዛል። ሌላው ደግሞ የቀትር ፀሐይ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ስክሪን ደጅ ሲወጣ ጥቁር መስታወት ሆኖ የራሳችሁን ፊት ሊያሳያችሁ ይችላል። ለጂፒኤሱ ስትወጡ ይህንንም አብራችሁ እዩት።

መቼም የማይሰበር ሰዓት ነገር ከተነሳ ካሲዮን ሳላነሳ አላልፍም። ኪኩኦ ኢቤ የሚባለው ጃፓናዊ መሐንዲስ አባቱ የሰጡት ሰዓት ወድቆ ቢሰበርበት ነው ነገሩን የጀመረው። ሁለት መቶ ያህል ናሙና እየሠራ በመሥሪያ ቤቱ በመጸዳጃ ቤት መስኮት ከሦስተኛ ፎቅ ሲወረውር ከረመ። የሰዓቱ ሆድ ዕቃ በቀፎው ውስጥ እንደ ተንሳፈፈ እንዲቀመጥ ማድረግ ያሰበው ልጅ ኳስ ስታነጥር መናፈሻ ውስጥ አይቶ ነው ይባላል። ጂ-ሾክ እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያ ላይ ዋለ። እንግዲህ እውነተኛ ጥንካሬ ይህን ያህል ልፋት አለበት፤ የብሎን ሥዕል ያለበት ፕላስቲክ ይህን አይተካም።

ውሃን በተመለከተ አጭር ልበል። «5 ኤቲኤም» ወይም «50 ሜትር» የሚለው ለላብ፣ ለዝናብ፣ ለዋና ይበቃል። 50 ሜትር ጠልቆ መውረድ ማለት ግን አይደለም፤ ቆሞ የተለካ ግፊት ነው። ደግሞ ለቀዝቃዛ ውሃ ነው የተባለው! ከሩጫ በኋላ ፍል ውሃ ወይም ስቲም ስትገቡ አውልቁት፤ ሙቀቱና እንፋሎቱ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ያበላሸዋል።

ባትሪ? ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር እርሱት። ያ ቁጥር ሰዓቱ ጂፒኤስ ሳይከፈት እጅ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው። ቅድም ያልኩት ቲ-ሬክስ ለምሳሌ በተለመደው አጠቃቀም 20 ቀን ይቆያል ተብሎ ነው የተሸጠው፤ ጂፒኤስ ሳይቋረጥ ሲሠራ ግን 20 ሰዓት። ልዩነቱን አያችሁ? የምትጠይቁት ሁለተኛውን ቁጥር ነው። መብራት ለሚጠፋባት ከተማ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየማታው ቻርጅ የሚፈልግ ሰዓት የገዛ ሰው መብራት በጠፋ ማግስት ባዶ እጁን ነው የሚሮጠው።

የልብ ምቱን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ሰው ያስደነግጣልና። አንዲት የማውቃት ልጅ እንጦጦ ላይ እየሮጠች ሰዓቷን ብታየው 176 ይላል። ቆመች፤ ትንሽ ቆይታ ብታየው አሁንም 170 ምናምን። «ልቤ ልትፈነዳ ነው» ብላ መንገድ ዳር ቁጭ አለች። ጓደኞቿ ደግፈው ክሊኒክ ወሰዷት። የክሊኒኩ ሲስተር እጇን ይዛ በጣቷ ብትቆጥር 92! ምን ተፈጥሮ መሰላችሁ? ሰዓቱ ላልቶ ታስሮ ነበር። ላልቶ ሲታሰር በየእርምጃው ይዘላል፤ እሱም ዝላዩን የልብ ምት ይመስለዋል። የሯጭ እርምጃ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ስለሚደርስ ቁጥሩ የልብ ምት ይመስላል። ስትቆምም የተሳሳተው ቁጥር ወዲያው አይለቀውም።

ሰዓቱ ቆዳችሁ ላይ አረንጓዴ ብርሃን እያበራ ተመልሶ የሚመጣውን ነው የሚያነበው። የንጋት ብርድ የእጃችንን ደም ያሸሸዋል፤ ጠቆር ያለ ቆዳም አረንጓዴውን ብርሃን በርከት አድርጎ ይውጠዋል። በዚህ የተነሳ እኛ አገር አስተሳሰሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንጓው አጥንት አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ሳያሳምም ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። ከዚያ ደረጃ ወጥታችሁ ውረዱና ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ 15 ሰከንድ ቁጠሩ፤ በአራት አባዙት። ከሰዓቱ ጋር ከተቀራረበ እሰየው። «ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ» የሚለው ቀመርም ግምት ነው። ለ24 ዓመት ልጅ 196 ይላል፤ ከሰው ሰው ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ከ10 በላይ ይለያያል። ሰዓቱ «ከአቅምህ በላይ ነህ» ብሎ ሲጮህ መጀመሪያ ትንፋሻችሁን አድምጡ፤ ማውራት ትችላላችሁ? ደረት ላይ ውጋት፣ ራስ ማዞር ካለ ግን ሰዓቱ ምንም ይበል ምን ሐኪም ዘንድ ነው።

የካሎሪውን ቁጥር ለጨዋታ ያህል እዩት። «10 ሺሕ እርምጃ» የሚለውም ሐኪም ያዘዘው እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ የእርምጃ መቁጠሪያ ሲሸጥ ከስሙ የመጣ ነው።

የከፍታ ነገር እንጦጦን ለምትወጡ ነው። ራሱ የአየር ግፊት የሚለካ ባሮሜትር ያለው ሰዓት ዳገቱን በደንብ ይነግራችኋል። ጂፒኤስ ብቻ ያለው ርቀቱን ጥሩ አድርጎ ከፍታውን ያምታታል። የመጀመሪያው ቲ-ሬክስ ራሱ ባሮሜትር የለውም። ገንዘብ ካጠረ መጀመሪያ የሚቀረው ይህ ይሁን፤ እንጦጦ ዳገት መሆኑን እግራችሁ ይነግራችኋል።

ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃሳ? የወታደር መልክ ያለው ግን ጂፒኤስ ከስልክ የሚዋስ፣ ወይስ ተራ መልክ ያለው ግን የራሱ ጂፒኤስ ያለው? እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አማዝፊት ቢፕ 5 ለምሳሌ ሲወጣ በውጭ ዋጋው 90 ዶላር ገደማ ነበር፤ የራሱ ጂፒኤስ አለው። ለዋና አልተሠራም፣ ድንጋይ ላይም አይጣልም፤ ግን ስልክ ሳይይዝ ይሠራል። እኛ ጋ ሲደርስ ታክሱና ምንዛሪው ዋጋውን ከፍ እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። ዱባይ ወይም አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው «ሰዓት ላኩልኝ» ብቻ አይበል፤ ሞዴሉን በትክክል ጽፎ ይላክ። አለበለዚያ ዘመድ የሚያምረውን ነው የሚገዛው። ያገለገለም መጥፎ አይደለም፤ ግን ባትሪው ያረጃልና ጂፒኤሱን ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ተራመዱበት፤ ስንት በመቶ እንደቀነሰ እዩ።

ወዳጄ ኩርፊያው ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን ደውሎ «ያንን የደጁን ፈተና እንደገና ንገረኝ» አለኝ። መልኩ ምንም የማይማርክ፣ የራሱ ጂፒኤስ ያለው ሰዓት ነው የገዛው። በተረፈው ገንዘብ ለእናቱ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ገዛ። እናትየው ሰዓቱን አይተው «ይሄ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል?» አሉት አሉ።

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ቻርጀሩን እዩ። የእነዚህ ሰዓቶች ቻርጀር በማግኔት የሚጣበቅ፣ ለዚያው ሞዴል ብቻ የተሠራ ነው፤ ከጠፋ የጎረቤት ቻርጀር አያድንም። ተጨማሪ ካላቸው በዚያው ግዙ። ማሰሪያውም በተራ ማሰሪያ የሚቀየር ይሁን፤ በላብ ብዛት ቀድሞ የሚበጠሰው እሱ ነው፤ የሰፈር ሰዓት ሠሪ የሚቀይረው ከሆነ አንድ ጭንቀት ቀነሰ። ደረሰኝ ተቀበሉ። «በሳምንት ውስጥ ካልሠራ ትመልሱልኛላችሁ?» በሉ። ባለሱቁ ዓይኑን ካሸሸ ደግሞ ጎን ያለው ሱቅ ክፍት ነው።